ደሜ አይቆምም ብዬ ነበር

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ፒያሳ የነበረ አንድ የጥርስ ሐኪም መንጋጋዬን ነቀለልኝ። ጋዋኑን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ጢሙን አቅጥኖ የሚከረክም፣ ጥያቄ የሚጠይቀውም በሽተኛው አፉን ከፍቶ መመለስ በማይችልበት ሰዓት ብቻ የሆነ ሰው ነበር። ጥርሴን ነቀለ፣ ጥጥ አስነከሰኝና አሰናበተኝ። ደሙ ግን አልተሰናበተም። ያን ቀን ፈሰሰ፤ በማግስቱም ፈሰሰ፤ በሦስተኛው ቀን እናቴ የተፈጨ ቡና ብትጠቀጥቅበት፣ በጨው ውሃ ብታጉመጠምጠኝ ወይ ፍንክች አለ። እጄን ይዛ መልሳ ወሰደችኝ።

«በምላስሽ እየነካካሽው ነው» አለ ሐኪሙ፣ ገና አፌን ሳያይ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምላሷን አላንቀሳቀሰችም» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ተኝታ ትነካካዋለች።»

በሕይወቴ ማብራሪያ የሚሰጠኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። አፍንጫዬ ሲነስረኝ ፀሐይ ነው ተባለ፤ ክረምት ገብቶም ሲነስረኝ ብርድ ነው ተባለ። ክንዴን የታክሲ በር ገጭቶኝ ሳምንት ሙሉ እንደ ባዲንጃን ሲጠቁር ቆዳዋ ስስ ነው ተባለ። የወር አበባዬ አሥር ቀን ሲቆይ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ «ስታገባ ይስተካከልላታል» ብላ ፈረደች። እሷ በሁሉም ነገር ትፈርዳለች። አላገባሁም፣ አልተስተካከለምም። እናቴ ብቻ ምንም ሳትል ጨርቁን አጥባ ታሰጣልኝ ነበር፤ ዝምታዋን አለማወቅ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

የልቤ ነገር የመጣው ኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን እያመመኝ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ ያብጥ ነበር፤ ዕድገት ነው ተብሎ ታለፈ። ያ የጉሮሮ በሽታ ከመገጣጠሚያ ተነስቶ ልብ ላይ እንደሚያርፍ የሰማሁት ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ያኔ አብዮቱ ሰባት ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ ስለነበር በየማለዳው ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ቆሜ ተንፍሼ እወጣው ነበር፤ በዓመቱ ሦስት ጊዜ ሆነ፤ በመጨረሻ ከወርቅ ቤት ወርቅ ቤት እየቆምኩ፣ ሐብል የምታማርጥ እየመሰልኩ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። አንዱ ባለ ወርቅ ቤት ከመሰልቸቱ የተነሳ «እመቤቴ፣ ዛሬም ያው ነው፣ አልተለወጠም» አለኝ።

የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ደግሞ ሌላ ግኝት ነበረው። ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት የሚለብስ፣ ሲያነጥስ እንኳን መፈክር የሚያሰማ የሚመስል ጓድ ነበር። በዓል በመጣ ቁጥር አደባባይ ሰልፍ እንወጣለን፤ እኔ ከመስመር ወደ ኋላ እቀራለሁ። በግምገማው ላይ ተነስቶ «አንዳንድ ጓዶች ከአብዮቱ እርምጃ ጋር እግራቸው አልሄድ ብሏል» አለና አየኝ። ሌሎቹም አብረው አዩኝ። የልቤ በር ሲጠብ የጠበበው የአብዮት ስሜቴ ነው ተባልኩ።

አንድ ቀን ታይፕ መኪናው ላይ ተደፋሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሆስፒታል ወሰዱኝ። እዚያ አንድ ሸምገል ያለ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አደረገና ዐይኑን ጨፈነ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔን ለመስማት ብሎ ዝም ያለ ሐኪም አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ደነገጥኩ፤ የሞትኩ መሰለኝ።

«ልብሽ ውስጥ አራት በሮች አሉ» አለኝ በመጨረሻ። «አንዱ ጠባሳ ይዞ ተጣብቋል። ደሙ በስንጥቅ ነው የሚያልፈው። ደረትሽ ተከፍቶ በአዲስ መተካት አለበት፤ ያ ሥራ ደግሞ እዚህ አገር የለም። ለቦርድ እጽፍልሻለሁ።»

ቦርድ ማለት ውጭ አገር ሄዶ መታከም ያለበትንና የሌለበትን የሚለይ የሐኪሞች ጉባኤ ነው። እዚያ ለመድረስ ከቀበሌ «ፀረ ሕዝብ ያልሆነች» የሚል ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤት ድጋፍ፣ ከዚያም ሌላ በቁጥር የማይለካ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስምንት ወር ሄደ። እግሬ ማበጥ ጀመረ፤ ሦስት ትራስ ደራርቤ ካልሆነ ጋደም ማለት አልችልም። በመጨረሻ ተጠራሁ። ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። መሐል ያለው፣ የሚጽፈው እሱ ነው፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ከልብ ሌላ በሽታ አለብሽ?»

«ደሜ ቶሎ አይቆምም» አልኩ። «ጥርስ ስነቀል ሦስት ቀን ፈስሷል። የወር አበባዬም አሥር ቀን…»

እጁን አነሳ። «እሱ እዚህ አያስፈልገንም።»

«ዶክተር፣ የምሄደው ለቀዶ ጥገና ስለሆነ እንዲያው ቢያውቁት ብዬ ነው።»

«ሐኪሙ ማን ነው? እኔ ነኝ አንቺ?»

በግራና በቀኝ የተቀመጡት ፈገግ አሉ። ሰውዬው ጻፈ። የታይፒስት ዐይን ተገልብጦም ያነባል፤ «ሌላ ሕመም፦ የለም» የሚለውን ጽሕፈቱ ሳይደርቅ አነበብኩት። ከፊቱ ተቀምጬ፣ አፌን ከፍቼ የነገርኩትን ሰውዬው በአንዲት ቃል «የለም» አደረገው። እጅ ነስቼ ወጣሁ። እጅ መንሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የላኩኝ ወደ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ነው። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። እንደማታለቅስ ምላ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጉንጬን ስማ ስታበቃ ጆሮዬ ሥር «ስለ ደምሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። «የጥርሱን ንገሪያቸው። የወሩንም ንገሪያቸው፤ አትፈሪ።» እንዲህ ያለ ነገር ካፏ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እዚያ ስደርስ በረዶ ነው። ሆስፒታሉ ኮሪደሩ ማለቂያ የለውም፤ የክሎሪን ሽታና የተቀቀለ ጎመን ሽታ ተደባልቀው ይዘዋወሩበታል። ቋንቋ ስለማልችል አስተርጓሚ ተመደበልኝ። ከእኛው አገር የሄደ የፖለቲካል ኢኮኖሚ ተማሪ ነው፤ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ኮቱ ላይ የመሪዎች ምስል ያለበት ባጅ ለጥፏል። ያደገው አምስት ኪሎ መሆኑን ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ ገና ሳይቀመጥ «ፒያሳ ማኪያቶው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች ጥያቄ ሰው መሰለኝ።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም ከኦፕራሲዮኑ በፊት መጣ። ፊቱ የደከመ፣ ጥያቄው አጭር አጭር የሆነ ሰው ነው። አስተርጓሚው አልጋዬ አጠገብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ደም ፈስሶሽ ያውቃል ወይ ይላል። ጥርስ ስትነቀዪ፣ ስትቆረጪ፣ በ… በሌላም።»

እናቴ እንዳለችው ሁሉን ዘረዘርኩ። የጥርሱን ሦስት ቀን፣ የአፍንጫውን፣ የክንዴን መጥቆር፣ የወሩን አሥር ቀን። ስለ ወሩ ስናገር ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ስጨርስ ወደ ሐኪሙ ዞረና አንዲት ቃል ተናገረ። አንዲት ቃል! ሐኪሙም አንገቱን ነቅንቆ ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ።

«ምን አልከው?» አልኩት።

«ደህና ነች አልኩ።»

«እኔ ይህን ሁሉ የተናገርኩት ደህና ነኝ ለማለት ነው?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓዲት፣ እዚህ አገርሽን ወክለሽ ነው የመጣሽው። በቦርዱ ወረቀት ላይ ሌላ ሕመም የለም ይላል። አሁን አለ ብል ማን ነው የዋሸው ሊባል ነው? ደግሞ የሴት ነገር በወንድ ፊት… ነውር ነው።»

ሐኪሙ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። እኔ በአራዳ ዳገት ላይ ምላሴ የሚፈራ ሴት፣ ባለ ሱቅ የማስቅ፣ ሹፌር የማስደነግጥ፣ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። አስተርጓሚውን ስንቀው እኖራለሁ፣ ግን ከሱ ይልቅ ያቺን ዝም ያለች ሴት ነው የምንቃት። እጄን ማንሳት እችል ነበር። «ቆይ!» ብሎ መጮህ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። አገር አሰደብሽ እንዳልባል ፈርቼ ልሞት ነበር።

የሆነውን በኋላ ነው ቀጣጥዬ የተረዳሁት። ልብ ቆሞ ቀዶ ጥገናው እንዲሠራ ደሙን ከሰውነት አውጥቶ በሚያዞር ማሽን ይተኩታል። ደም ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ያንን የሚያፈርስ ሌላ መድኃኒት። የሌላ ሰው ደም በዚህ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔ ደም ግን ከመጀመሪያውም መመለሻ ቦታ አልነበረውም። በሩን ተክተው ደረቴን ሰፉት። ከዚያ ደረቴ ውስጥ በተተዉት ቱቦዎች በኩል ደሙ አልጋው ጎን ወዳለው ጠርሙስ ይወርድ ጀመር፤ አልቆመም። አንድ የደም ሥር ተበጥሶ ይሆናል ብለው እንደገና ከፈቱኝ። የሚቋጠር ሥር አላገኙም። ደሙ ከየትም ቦታ እንደ እርጥብ ጨርቅ ያዣል። ጠቅጥቀው ዘጉኝ።

ስነቃ አፌ ውስጥ ቱቦ አለ። መናገር አልችልም፤ ግራ እጄ በመርፌ ታስሯል፤ ቀኙ ብቻ ነፃ ነው። ጠዋት ነበር፤ በመስኮቱ የበረዶ ብርሃን ይገባል። ጠርሙሱን ጎንበስ ሳልል አየዋለሁ፤ ይሞላል፣ ነርሷ ትለውጠዋለች፣ ይሞላል። ከላይ የተንጠለጠለው የሰው ደም ይገባል፣ ከታች ይወጣል። ሐኪሙ እየመጣ ያየኛል፣ ይሄዳል። ፊቱ ላይ የሚያውቀውን ሁሉ የጨረሰ ሰው መልክ ነበረበት።

ከዚያ አንዲት ሴት መጣች። ከእናቴ ጋር የምትስተካከል፣ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። የደም ላቦራቶሪ ሠራተኛ ኖራለች። ከአንድ አልጋ ደም ደጋግሞ ሲጠየቅባት በሽተኛዋን ራሴ ልያት ብላ ደረጃ ወጥታ ነው የመጣችው። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት የለም። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠርሙሱን አየች፣ ክንዴን ገልጣ የጠቆረውን አየች፣ ከዚያ ዐይኔን አየች። አፏን ከፍታ የራሷን መንጋጋ በጣቷ ያዘችና ነቅላ እንደምታወጣ ሆነች፤ ቀጥላ ከአፏ ወደ ታች እጇን አፈሰሰችና ቅንድቧን ወደ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

ገባኝ። ከሁሉ ነገር በፊት እንባዬ መጣ። ሦስት ጣት አሳየኋት።

ሰዓቷን አመለከተች፦ ሦስት ሰዓት? ጣቴን ነቀነቅኩ። መስኮቱን አየችና ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ በአየር ላይ በጣቷ ሳለች። ሦስት ጊዜ? ዐይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ። ከዚያ እኔ በራሴ ጊዜ ነፃ እጄን ወደ ሆዴ ታች ሰደድኩ፤ አምስት ጣት ዘረጋሁ፣ ሰብስቤ እንደገና አምስት ዘረጋሁ። ሴትዮዋ ጣቶቼን አንድ ባንድ እየነካች በራሷ ቋንቋ ጮክ ብላ እስከ አሥር ቆጠረች። አሥር ላይ ስትደርስ አንዲት ቃል ተናገረች፤ ስድብ መሆኗን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ተነስታ በዚያ ዕድሜዋ ኮሪደሩን ሮጠች።

አንድ ቦርድ፣ አንድ ተማሪና ሁለት ጊዜ የተከፈተ ደረት ያላወቁትን በጥርስና በጣት አወቀችው። ከተወለድሽ ጀምሮ ደምን ከሚያረጉት ነገሮች አንዱ ይጎድልሻል ተባልኩ በኋላ። ከብዙ ሰው ደም ተለይቶ በብርድ የሚቀመጥ፣ ያንን የጎደለውን የያዘ ነገር አለ። አቅልጠው ሰጡኝ፤ ደግመው ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ የጠርሙሱን ጠብታ እቆጥር ነበር፤ በአንዱና በሚቀጥለው መሐል ትንፋሽ ሳብኩ፣ ከዚያ ሁለት ሳብኩ፣ ከዚያ ሳልጠብቀው እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቱቦው በወጣ በማግስቱ አስተርጓሚው አበባ ይዞ መጣ። ባጁ በቦታው አለ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጓዲት» አለ። «ይህ የሶሻሊስት ሕክምና ድል ነው።»

ድምፄ ሻክሮ እንደ ወንድ ሆኗል። «ጥርሴን ለሐኪሙ ምን ብለህ ነበር የተረጎምክለት?»

ዐይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አሥሩን ቀንስ? ነውር ነው ያልከው። ሁለት ጊዜ እርቃኔን ደረቴን ሲተረትሩኝ ነውር አልነበረም?»

«ቢያባርሩኝስ ብዬ ነው» አለ፤ አሁን የፓርቲ ቋንቋው ሁሉ ጠፍቶ የአምስት ኪሎ ልጅ ድምፅ ብቻ ቀርቶታል። «ከቦርዱ ጋር ተቃረነ ብለው አገርህ ግባ ቢሉኝስ? ወንድሜን ወስደውታል። ለእናቴ የቀረኋት እኔ ነኝ።»

እኔም ልቀጥል አፌን ከፍቼ ሳለ ሴትዮዋ ገባች። ልጁን ስታየው ፊቷ በራ። ክንዱን ይዛ እጅጌውን ገፋች፤ ክርኑ ውስጥ የመርፌ ጠባሳ አለ። እሱን አመለከተች፣ ተንጠልጥሎ የነበረውን ደም አመለከተች፣ እኔን አመለከተች። ጓደኞቹን ከማደሪያቸው ሰብስቦ አምጥቶ፣ እሱም ከፊት ተሰልፎ ደም ሰጥቶ ኖሯል። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ይቅር አልኩት ማለት አልችልም። ያ ደም የፈሰሰውን ለመተካት ነው፤ ያፈሰሰውም እሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስሰድበው ግማሹ ወደ ራሴ ሥር የሚሄድ ይመስለኝና እተወዋለሁ። አበባውን ተቀበልኩት።

በልቤ ውስጥ የገባው በር ከአሳማ የተወሰደ እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው፤ እጁን እያሻሸ። ከብረት የሚሠራም አለ። ብረቱን ያስገቡለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን ክኒን ይውጣል፣ በየጊዜውም ደሙን ይመረመራል። ሐኪሙ እናንተ አገር ያ ምርመራ እንደ ልብ አይገኝም ብሎ ገምቶ ነው የአሳማውን የመረጠው። ብረቱ ቢሆን ኖሮ ክኒኑ በሳምንት ይጨርሰኝ ነበር። ያንን ጥያቄ ሐኪሙ በአስተርጓሚ አልጠየቀም፤ ለዚህ ነው ትክክለኛውን መልስ ያገኘው።

ከአራት ወር በኋላ ተመለስኩ። ሴትዮዋ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጥታኝ ነበር፤ የበሽታውን ስም፣ ከቀዶ ጥገና በፊት መደረግ ያለበትን ሁሉ ይዘረዝራል። ለቦርዱ ይዤ ቀረብኩ። ያው ሰውዬ መሐል ተቀምጧል። አነበበ፣ ለግራና ለቀኙ አሳየ፣ ብዕሩን አነሳ። እንደገና ተገልብጦ ሳለ አነበብኩት። «አስቀድሞ እንደተጠረጠረው» ብሎ ነበር የጀመረው። ያን ጊዜ እጅ ሳልነሳ ወጣሁ። ማንም ልብ አላለም።

የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ደግሞ በውይይት ክበብ ስለ ሕክምናው ንግግር እንዳደርግ አዘዘኝ። ንግግሩ ተጽፎ አልቋል፤ ታይፒስቷ እኔ ስለሆንኩ እንድተይበው ለእኔው ተሰጠኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ ደም የሚል ቃል አንድ ቦታ ብቻ አለ፣ እሱም የሰማዕታት ደም ነው። ቆሜ አነበብኩት። ሲያጨበጭቡ በአሳማው በር በኩል የልቤ ምት ደህና አድርጎ ይሄድ ነበር።

አሳማው ሰፈር ውስጥ የተሰማው በአክስቴ በኩል ነው። እናቴ ለእሷ ብቻ ነገረቻት፤ በሳምንቱ ከድልድዩ እስከ ጊዮርጊስ በር ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። አክስቴ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመረች። «ሥጋ ወደሙ እንዴት ትቀበላለች? የረከሰ ይዛ!» ትላለች። በደህናው ልቤ ጊዜ ስንት ዓመት ስትፈርድብኝ ኖራ፣ አሁን ደግሞ ልቤ ውስጥ ገብታ ፈረደች።

እናቴ አልተከራከረቻትም። ነጠላዋን ለብሳ የንስሐ አባታችንን ይዛ መጣች። ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ሁሉን ነገርኳቸው። አክስቴም ጥግ ላይ ሆና ትሰማለች።

«በላሽው?» አሉኝ።

«አልበላሁም፣ አባ። ሰፉብኝ።»

«ይሠራል?»

«ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁ፣ አባ።»

«እሑድ ነይ እንግዲህ» አሉና ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺ ግን የሰው ብርጭቆ ትተሽ የራስሽን እጠቢ።» አክስቴ እስከ ፋሲካ አልመጣችብንም፤ ቤታችን እንደዚያ ሰላም ሆኖ አያውቅም።

ቄሱ ከሄዱ በኋላ ደብዳቤውን ለእናቴ አነበብኩላት። ከመጨረሻው አካባቢ በሽታው በዘር የሚወረስ ስለሆነ እናትና እህቶች ይጠየቁ ይላል። እሷ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

«እኔ አንቺን ስወልድ አርባ ቀን ፈሰሰኝ» አለች። «ከአንቺ በኋላ ደግሞ የጨነገፈብኝ ጊዜ ሞተች ብለው ፊቴን ሸፍነውኝ ነበር። እናቴ በወሊድ ነው የሞተችው፤ ደሟ ከመደቡ አልፎ በር ድረስ ወረደ ይላሉ። የዛር ነው አሉ። እኔንም ዛር ነው አሉኝ።»

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ንቀት ከእኔ ንቀት ሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ ዕድሜ ልኳን ያጠራቀመችው ነው። «ማን ጠየቀኝ?» አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ደርግ ሊወድቅ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቀረው የእናቴ እንቅርት አድጎ ትንፋሿን ይዘጋት ጀመር። መቆረጥ አለበት ተባለ። ኦፕራሲዮን የሚያደርጋት ሐኪም ወጣት ነው፤ ችኩል። ከመተኛቷ በፊት አብሬያት ገባሁ። መጠይቁን በፍጥነት ይሞላል።

«ስኳር? ደም ግፊት? ሌላ?» አለ፤ ሳይጠብቅም ብዕሩን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደ።

ደብዳቤውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩበት። «ደሟ አይቆምም። እኔም እንደዚያው ነኝ። ይጻፉት።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ሁለት ጊዜ የተከፈትኩ በሽተኛ ነኝ።» የቀሚሴን አንገት አንድ ቁልፍ ከፍቼ ጠባሳውን አሳየሁት። እናቴ «ኧረ ልጄ!» አለች፤ ሐኪሙ ግን ብዕሩን አቆመ። «ይጻፉት፤ እዚሁ ቆሜ አያለሁ።»

ደብዳቤውን አነበበ። ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወንበር ለእናቴ ሳበላትና «እማማ፣ እስቲ ስለ ወሊድዎ ይንገሩኝ» አላት። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ እሱን። ከዚያ ጀመረች። ሐኪሙ የመጠይቁን ወረቀት ገልብጦ በባዶው ጀርባ ላይ ጻፈ፤ ያ ሲሞላ ሌላ አመጣ። ቀኑን በሳምንት አራዘመው፤ ዘመዶች ተፈልገው ደም ሰጡ፤ ከደሙም የሚያረጋው ነገር ተለይቶ ተዘጋጀላት። ኦፕራሲዮኑ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ፈጀ። ስትወጣ አንገቷ ላይ ያለው ፋሻ ነጭ ነበር፤ ጥግ ላይ ብቻ የአንድ ሳንቲም ያህል ቀይ ታየኝ። ማታም፣ በማግስቱም አየሁት። አልሰፋም።